የፋይናንስ ትምህርት

የፋይናንስ ትምህርት ማለት ሰዎች ስለ ገንዘባቸው ውሳኔ ሲወስዱ የሚያስፈልጋቸውን ዕውቀትና ልምድ እንዲያገኙ የሚሰጥ ትምህርት ነው። የቤት በጀት ማውጣት፣ ቁጠባ፣ ብድርና ወለድ፣ የዋጋ ንረት፣ መድን፣ አክሲዮን፣ ለጡረታ መዘጋጀት እና ራስን ከማጭበርበር መጠበቅ በውስጡ ይካተታሉ። ከትምህርቱ የሚገኘው ዕውቀት «የፋይናንስ ዕውቀት» ይባላል። ትምህርቱ በትምህርት ቤት፣ በባንኮች፣ በአነስተኛ ብድር ተቋማት፣ በመገናኛ ብዙኃንና በቤተሰብ ውስጥ ሊሰጥ ይችላል።

ትምህርቱ ለተራው ሰው ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። አንዳንዶች ድህነትንና ዕዳን ለመቀነስ ዋና መሣሪያ አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ የመንግሥትንና የባንኮችን ኃላፊነት ወደ ግለሰቡ ያዛውራል ብለው ይተቹታል። በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች

የወለድ ወለድ። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ ሲያፈራና ወለዱ ሳይወጣ ሲቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት ወለዱም ራሱ ወለድ ያፈራል። ለምሳሌ 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ቢያፈራ ከአንድ ዓመት በኋላ 10,700 ብር፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ 19,670 ብር ይሆናል። ወለዱ በየዓመቱ ቢወጣ ኖሮ ጠቅላላው 17,000 ብር ብቻ ይሆን ነበር። ይኸው ሒሳብ በዕዳም ላይ ይሠራል፤ ያልተከፈለ ወለድ ዕዳው ላይ ሲደመር ዕዳውም በተመሳሳይ መንገድ ያድጋል።

የዋጋ ንረት። የገንዘብ ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው በሚገዛው ነገር ነው። 10,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ 10,700 ብር ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት የሸቀጦች ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ያ 10,700 ብር የሚገዛው ከዓመት በፊት 8,917 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው። በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ጨምሯል፤ የቆጣቢው አቅም ግን ቀንሷል።

ንብረትን መበተን። ያለውን ሁሉ በአንድ ድርጅት አክሲዮን ወይም በአንድ ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ያ ሥራ ቢከስር ሁሉንም ያጣል። ገንዘቡን በተለያዩ ነገሮች ላይ ያዋለ ሰው ግን አንዱ ቢጎዳ ሌላው ሊተርፈው ይችላል።

የብድር እውነተኛ ዋጋ። ሁለት አበዳሪዎች «15 በመቶ» ቢሉም ዋጋቸው አንድ ላይሆን ይችላል። 60,000 ብር ተበድሮ በ12 ወር እኩል እየከፈለ የሚጨርስ ሰው፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 60,000 ብር ላይ ከተሰላ 9,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ከተሰላ ግን የሚከፍለው ወደ 4,990 ብር ነው። የመጀመሪያው ብድር በሁለተኛው ዘዴ ቢለካ ወለዱ በዓመት ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ተበዳሪው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ወለዱ የሚሰላው በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው? በጠቅላላው ስንት ብር እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የዕውቀቱ አለካክ

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ አናማሪያ ሉሳርዲ እና ኦሊቪያ ሚቸል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ያዘጋጇቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ ስለ ወለድ፣ ሁለተኛው ስለ ዋጋ ንረት፣ ሦስተኛው ስለ ንብረት መበተን ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ አሜሪካውያን ሲቀርቡ ሦስቱንም በትክክል የመለሱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከባንክ፣ ከብድርና ከጡረታ ሒሳብ ጋር የኖሩ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከ140 በላይ በሆኑ አገሮች ከ150,000 በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ነበር። በዚህ ጥናት መሠረት ከዓለም አዋቂዎች መሠረታዊ የፋይናንስ ዕውቀት ያላቸው 33 በመቶ ያህሉ ናቸው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም ፒዛ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተናው ውስጥ የ15 ዓመት ልጆችን የፋይናንስ ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ጥቅሞች

ትምህርቱ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች ውስጥ የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

ብድርን ማወዳደር። ከላይ የታየው የ60,000 ብር ምሳሌ እንደሚያሳየው፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ የአንድን ቤተሰብ ብዙ ሺህ ብር ሊያድን ይችላል። በስልክ የሚሰጡ ትንንሽ ብድሮችም እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ ለ30 ቀን 1,000 ብር ተበድሮ 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ የሚከፍል ሰው ክፍያው ትንሽ ይመስለዋል። በየወሩ እየደጋገመ ዓመቱን ሙሉ ከተበደረ ግን 720 ብር፣ ማለትም የብድሩን 72 በመቶ ከፍሏል።

ከማጭበርበር መዳን። ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ከተማ፣ ገንዘባቸውን ለሰጡት ሰዎች በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ለቀደሙት የሚከፍለው ግን ከኋለኞቹ በተቀበለው ገንዘብ ነበር። ተስፋውን በሒሳብ መመርመር ይቻላል። በየ45 ቀኑ በ50 በመቶ የሚያድግ 1,000 ብር በስምንት ዙር፣ ማለትም ዓመት ሳይሞላ፣ ከ25,000 ብር በላይ ይሆናል፤ በ16 ዙር ደግሞ ከ650,000 ብር ያልፋል። ይህን ያህል የሚያተርፍ እውነተኛ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ የጎረቤቱን 1,000 ብር አይለምንም። አባል በማስመልመል ላይ የተመሠረቱ የፒራሚድ ንግዶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የዚህ ዓይነት ማጭበርበር አገርንም ሊያናውጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአልባኒያ የፒራሚድ ድርጅቶች ተስፋፍተው ነበር። የድርጅቶቹ ዕዳ በስም ሲታይ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት ግማሽ ያህል ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲፈርሱ ሕዝቡ ቤቱንና ከብቱን ሸጦ ያስገባውን ገንዘብ አጣ፤ በተከተለው ሁከትም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ።

ቤተሰብን ማስተባበር። በኢንዶኔዥያ ለሥራ ወደ ውጭ አገር በሚሄዱ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሠራተኛዋን ብቻ፣ ቤተሰቧን ብቻ፣ እና ሁለቱንም ማስተማር የሚያመጡትን ለውጥ አወዳድሯል። ከፍተኛው ውጤት የታየው ሁለቱም ሲማሩ ነው። ሠራተኛዋ ብቻ ስትማር ግን በቀረው ቤተሰብ ቁጠባና አያያዝ ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ይህ ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና ቤተሰቦቻቸውም የሚያስተምረው ነገር አለ። ላኪዋ ብትቆጥብም የተላከው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ተቀባዩ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በ33 አገሮች የተደረጉ 76 ሙከራዎችን ያሰባሰበ ጥናት ትምህርቱ ዕውቀትንም ባሕርይንም በአማካይ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ሙከራዎቹ በዕጣ በተመረጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሲሆን ተሳታፊዎቹ ከ160,000 በላይ ነበሩ።

ገደቦች

ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈርናንዴስ፣ ሊንችና ኔትማየር የተባሉ ተመራማሪዎች 201 ቀደምት ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከደረሱበት ድምዳሜ አንዱ በሰዎች የገንዘብ አያያዝ መካከል ካለው ልዩነት ውስጥ የትምህርት ፕሮግራሞች የሚያብራሩት 0.1 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚል ነው። ውጤቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ይበልጥ ደካማ ነበር። ረጅም ሰዓት የፈጀ ትምህርት እንኳ ከወራት በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ከዚህ የተሻለ ውጤት ቢያገኝም፣ ትምህርት ብቻውን ተአምር ይሠራል ግን አላለም።

የአገልግሎቱ ዋጋ ይወስናል። በኢንዶኔዥያ የባንክ ሒሳብ ለሌላቸው ቤተሰቦች በተደረገ ሙከራ፣ ለአንዳንዶቹ የሁለት ሰዓት ትምህርት ተሰጠ፤ ሒሳብ ለሚከፍቱትም ከ3 እስከ 14 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ የተለያየ መጠን ያለው ማበረታቻ ቀረበ። ትምህርቱ በአጠቃላይ ሒሳብ በሚከፍቱት ቁጥር ላይ ለውጥ አላመጣም፤ ጥቂት ለውጥ የታየው ትምህርት ባልነበራቸው ቤተሰቦች ላይ ነው። ከፍተኛው የገንዘብ ማበረታቻ ግን ሒሳብ የከፈቱትን ወደ ሦስት እጥፍ ያህል አሳደገ። ከዚህ የምንረዳው ሰዎቹ ሒሳብ ያልከፈቱት በአብዛኛው አገልግሎቱ ለእነሱ ስለማያዋጣ እንጂ ጥቅሙን ስላላወቁ ብቻ አለመሆኑን ነው።

እጦት ሐሳብን ይይዛል። በደቡብ ሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ በተደረገ ጥናት ያው ገበሬ ከምርት በፊት፣ እጁ ባጠረበት ወቅት፣ በአእምሮ ፈተና ያስመዘገበው ውጤት ምርቱን ከሸጠ በኋላ ካስመዘገበው ያነሰ ነበር። ሰንድሂል ሙላይናታን እና ኤልዳር ሻፊር ይህን ሲያብራሩ፣ የነገውን የቤት ኪራይ የሚያስብ ሰው ስለ አምስት ዓመት በኋላ የሚያስብበት ቦታ በአእምሮው ያጥረዋል ይላሉ። ድሃ ሰው በጀት ማውጣት የማያውቅ ሰው አይደለም። እንዲያውም የእያንዳንዷን ብር መግቢያና መውጫ የሚያውቀው እሱ ነው። የሚጎድለው ብሩ ነው።

አማራጭ ከሌለ ዕውቀት አይሠራም። በኢትዮጵያ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ግን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች ቢሰላ፣ በባንክ ያስቀመጠው 10,000 ብር የነበረ ሰው ከዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ ወደ 8,230 ብር ይወርድ ነበር፤ ይህም ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ሳንቆጥር ነው። ይህን ሒሳብ አሳምሮ የሚያውቅ መምህርም፣ ምንም የማያውቅ ሰውም ሁለቱም ይከስራሉ። ልዩነቱ መምህሩ እየከሰረ መሆኑን ማወቁ ነው። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በቤት፣ በመሬት ወይም በተሽከርካሪ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይሞክራሉ፤ በወር 500 ብር የሚቆጥብ ሰው ግን ይህን መግዛት አይችልም።

ኃላፊነትን ማዛወር። የሕግ ምሁሯ ሎረን ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የፋይናንስ ውሎች እየተወሳሰቡ የሚሄዱበት ፍጥነት ትምህርቱ ከሚደርስበት ፍጥነት ይበልጣል ብላ ተከራክራለች። ሰው በደንብ ቢማር ኖሮ አይጎዳም ነበር የሚለው አስተሳሰብም ተጎጂውን ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ ውሉን ያወሳሰበው ወገን ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

የአስተማሪው ጥቅም። ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የሚሰጡት ባንኮችና አበዳሪዎች ራሳቸው ናቸው። «ቆጥቡ፣ ሒሳብ ክፈቱ» ማለት ለባንኩም ይጠቅማል፤ «ይህ ብድር ውድ ነው፣ ተዉት» የሚል ትምህርት ግን ከአበዳሪው አይጠበቅም።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያውያን ዘመናዊ የፋይናንስ ትምህርት ከመምጣቱ በፊትም ገንዘብ የሚያስተዳድሩባቸው የራሳቸው ተቋማት ነበሯቸው። እድር ለሐዘን ጊዜ የሚሆን መድን ነው። እቁብ ደግሞ ቁጠባና ብድር በአንድ ላይ ነው። ለምሳሌ 12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ ለአንዱ 24,000 ብር ይደርሰዋል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ የቆጠበ ያህል ነው። ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ዘመን ይህ ልዩነት ከፍ ያለ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የደረሰው 24,000 ብር በመጀመሪያው ወር ይገዛ የነበረውን አይገዛምና። ሆኖም እቁብ በመጽሐፍ የማይገኝ ጉልበት አለው። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ቢያፈርስ ማንም አይጠይቀውም፤ እቁብተኞቹንና ዋሱን ግን ያፍራል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ፣ መክፈልና መበደር በስልክ ሆኗል። ይህ አዲስ ዕውቀት ይጠይቃል። የምሥጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት፣ «ተሳስቼ ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ሰው ሲደውል መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳብን ማየት፣ የብድርን የአገልግሎት ክፍያ ከብድሩ ርዝመት ጋር ማወዳደር የዚህ አካል ናቸው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ ለማይቀበሉ ደንበኞች ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ተስፋፍቷል፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ለእነዚህ ደንበኞች ስለ ወለድ ስሌት ብቻ የሚያወራ ትምህርት በቂ አይደለም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን ለሕዝብ ለሽያጭ አቅርቧል። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ሲሆን መግዛት የሚቻለው ዝቅተኛ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፍቷል። አክሲዮን ማለት ከድርጅቱ ድርሻ መያዝ እንጂ የተወሰነ ወለድ የሚያስገኝ ቁጠባ አይደለም። ትርፍ ካለ ይካፈላል፤ ዋጋው ግን ሊወርድም ይችላል። ይህን ልዩነት ማወቅ ለአዲስ ገዢ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ከትምህርት ጎን የሚቆሙ ጥበቃዎችም አሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ደንበኞችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም ተቋቁሟል።

ውጤታማ የሚያደርጉ ነገሮች

ከጥናቶቹ የተገኙት ትምህርቶች ባጭሩ እነዚህ ናቸው።

በጊዜው ማስተማር። ስለ ብድር የሚሰጥ ትምህርት የሚጠቅመው ሰውዬው ሊበደር ሲል ነው። ከዓመታት በፊት በክፍል ውስጥ የተማረው ይረሳል።

ቀላል ደንብ መስጠት። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በትንንሽ ነጋዴዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የተሟላ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተሰጣቸው ያሳዩት ለውጥ ጉልህ አልነበረም። ቀላል ደንቦች ብቻ የተማሩት ግን ተሻሽለዋል። ከደንቦቹ አንዱ የሱቁን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ በተለያየ መሳቢያ ማስቀመጥ ነው።

ቤተሰብን አብሮ ማስተማር። በኢንዶኔዥያ እንደታየው ገንዘቡን የሚያገኘውና የሚያወጣው ሰው አብረው ቢማሩ ይሻላል።

አሠራሩን ማቅለል። ሪቻርድ ታለር እና ሽሎሞ ቤናርትዚ በአሜሪካ በሞከሩት ዘዴ፣ ሠራተኞች ወደፊት ደመወዛቸው ሲጨምር ከጭማሪው ላይ ቁጠባቸው በራሱ ከፍ እንዲል አስቀድመው ተስማሙ። በ40 ወራት ውስጥ የሚቆጥቡት ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። ለውጡን ያመጣው ተጨማሪ ትምህርት ሳይሆን አንድ ጊዜ የተሰጠ ስምምነት ነው። ታለር እ.ኤ.አ. በ2017 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ማጠቃለያ

የፋይናንስ ትምህርት ውድ ብድርን ለመለየት፣ ከማጭበርበር ለመዳንና በቤተሰብ ውስጥ ስለ ገንዘብ በግልጽ ለመነጋገር ይረዳል። ይሁን እንጂ ያልተገኘ ገቢን አይተካም፣ የዋጋ ንረትን አያቆምም፣ ግልጽ ያልሆነ ውልንም አያስተካክልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ትምህርቱ ከደንበኛ ጥበቃ ሕግ፣ ከተረጋጋ ዋጋ እና ለትንሽ ቆጣቢ ከሚያዋጣ አገልግሎት ጋር አብሮ ሊሄድ ይገባል ይላሉ። ተበዳሪው «በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቅን ሲማር፣ አበዳሪውም መልሱን በግልጽ ቋንቋ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ሲገደድ ትምህርቱ ፍሬ ያፈራል።